ስንት ሰው ተመዘገበ?

በረሃ ለመሄድ ያሰበ የአዲስ አበባ ሰው ስለ ሙቀቱ አይጠይቅም። ስለ እባቡም ሆነ ስለ ወባው አይጠይቅም። ዋጋው እንኳ በሁለተኛ ደረጃ ነው የሚመጣው። «ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ! ቁርስ፣ ምሳ፣ የታሸገ ውኃ፣ ፎቶ አንሺና አስጎብኚን ያካትታል» የሚል ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ በተለጠፈ ቁጥር ከሥሩ የሚከተለው የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ስንት ሰው ተመዘገበ?»

አዘጋጆቹም ይህን ጠባይ አጥንተውታል። ገና አንድ ሰው ሳይመዘገብ «ጥቂት ወንበር ብቻ ቀርቷል» ብለው ይጽፋሉ። ሌላው ዕቃ ሲበዛ ይረክሳል፤ ጉዞ ግን ሰው ሲበዛበት ይወደዳል።

እኔን የሚያበግነኝ ሌላው ነው። የዱር እንስሳ የሰው ሽታ ሲደርሰው ይፈረጥጣል፤ አንድ እረኛ ሲያስል ሸለቆ ያቋርጣል። ታዲያ ይህን የመሰለ ዓይነ አፋር ፍጥረት ለማየት አንድ ሙሉ አውቶቡስ ሰው፣ ከነድምፅ ማጉያው ከነሙዚቃው ካልሄደ አልሄድም ማለት ምን የሚሉት ብልኀት ነው?

ጠባዩ ከየት እንደመጣ ግን አውቃለሁ። ከመናኸሪያ ነው። አገሬ ጋይንት ውስጥ፣ አርብ ገበያ ከተማ ላይ ወደ ነፋስ መውጫ የሚወጣ ባዶ ሚኒባስ ሲቆም፣ ተሳፋሪው ከነጓዙ ከነዶሮው ዙሪያውን ይከባል እንጂ አይገባም። ረዳቱ «ሁለት ሰው የቀረው! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ጉሮሮው እስኪነቃ ይጮኻል፤ ውስጥ ያለው ግን ሾፌሩ ብቻ ነው። በመጨረሻ ረዳቱ ሁለት ጓደኞቹን ተሳፋሪ አስመስሎ ያስቀምጣል። ያኔ ሰው ይግተለተላል። መኪናው ሲሞላ ሁለቱ ወርደው ሌላ ባዶ መኪና ሊሞሉ ይሄዳሉ። እነዚያ ሁለት ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ሲሳፈሩ ኖረው ነፋስ መውጫን አያውቋትም።

የቴሌግራሙም አዘጋጅ እንዲህ ያሉ ጓደኞች አያጣም። «እኔ ተመዝግቤያለሁ፣ እንዳያመልጣችሁ!» የሚሉት እነሱ ናቸው።

ባለፈው በጋ እኔንም የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ጎትተው ወሰዱኝ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መስቀል አደባባይ ተገናኙ ከተባለ አውቶቡሱ 1 ሰዓት ይነሣል ማለት ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ብርድ ይመታዋል። ከዚያ የወንበር ጠብ ይነሣል። መስኮት በኩል፣ ፊት ለፊት፣ ከጓደኛዬ ጎን፣ ከጎማው ላይ አይሁን። «መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» ሲባል እሰማ ነበር፤ ተረቱ የተተረተው የጉዞ አውቶቡስ ከመምጣቱ በፊት መሆኑ ይገርመኛል።

አስተባባሪው ማይክራፎኑን አንሥቶ «እንደምን አደራችሁ!» አለ። መለስንለት። «አልሰማሁም!» አለ። ሰምቷል፤ ግን ደንቡ ነው። ከዚያ እያንዳንዳችን ተነሥተን ስማችንን፣ ሥራችንንና ከማን ጋር እንደመጣን ተናገርን። አንዲት ልጅ «ብቻዬን ነው የመጣሁት» ስትል አውቶቡሱ ውስጥ ጭብጨባው ደመቀ። በዚህ ጊዜ ገባኝ፤ ሳላ የሚባለውን የበረሃ እንስሳ ለማየት የመጣው ግማሹ ነው፤ የቀረው ሊታይ ነው የመጣው።

አዳማ ድረስ በፈጣኑ መንገድ ተንሸራተትን። መተሐራ ስንደርስ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። በሰቃ ሐይቅ ከዓመት ዓመት እየሰፋ መንገዱንና ሐዲዱን ሲገፋ የኖረ ሐይቅ ነው፤ ዳር ዳሩን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተከምሯል። ፈንታሌ ተራራ ከበላዩ ቆሞ ያያል። በ2017 ዓ.ም. መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ከዚህ አካባቢ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቀየውን ለቆ ነበር፤ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የተኛ ሰው ሳይቀር አልጋው ተወዝውዞበታል። አስተባባሪያችን ይህን ሲተርክ አንዷ ተነሥታ «አሁንስ ቆሟል?» አለች። «ቡድን ሆነን ስለመጣን አያሰጋም» አላት። መሬቱ ቁጥራችንን ዓይቶ የሚፈራን ይመስል። እሷ ግን አምና ተቀመጠች።

የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አውራ ጎዳና ለሁለት ይከፍለዋል። ስለዚህ ከሰሜኑ ወደ ደቡቡ መሻገር ያማረው አጋዘን ከባድ መኪና እስኪያልፍ መጠበቅ አለበት። ከበሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ የፓርክ ጠባቂ (ስካውት) ተሳፈረ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በአውቶቡሱ ውስጥ ሥራ የሚሠራ ዓይን የነበረው እሱ ብቻ ነው።

ኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ስንደርስ ስካውቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያውላችሁ» አለ።

«የቱ ጋ?»

«ከግራሩ በስተቀኝ።»

«የትኛው ግራር?»

ሜዳው ግራር በግራር ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሲጋፋ ሾፌሩ «ኧረ ትገለብጡኛላችሁ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ አየሁት። ሳላ ነው፤ ፊቱ ላይ በጥቁር ቀለም የተሰመረ፣ አካሉ አመድማ፣ ጅራቱ ጥቁር። ወደ ጎን ዞሮ ሲቆም ሁለቱ ረጃጅም ቀንዶች ገጥመው አንድ ይሆናሉ፤ ራሱን ነቅነቅ ሲያደርግ መልሰው ሁለት ይሆናሉ። ሴቷም እንደ ወንዱ ቀንዳም ናት። ስካውቱ እንደነገረን ይህ እንስሳ ብዙ ቀን ውኃ ሳይቀምስ ይቆያል። ሙቀቱ ሲበረታ በላብ ውኃውን አያባክንም፤ የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ እስኪወጣ ዝም ብሎ ይችለዋል፤ ማታ ሲበርድ ይመልሰዋል። እኛ ደግሞ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ የታሸገውን ውኃ ጨርሰን «ሌላ ካርቶን የለም ወይ?» እያልን ነበር።

ሳላው ለጥቂት ጊዜ አየን። ብዙዎቻችን እሱን ያየነው በኋላ ፎቶው ላይ ነው፤ ያኔ ጀርባችንን ሰጥተነው ራሳችንን እያነሣን ነበር።

«አንበሳውስ?» አለ ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ።

«ትናንት እዚሁ ነበር» አለ አስተባባሪው።

ይህችን መልስ ልብ በሉልኝ። እስከ ዛሬ ያጋጠመኝ አስጎብኚ ሁሉ አንበሳው የሚኖርበትን ቀን ያውቃል፤ ትናንት ነው። አንበሳ ዛሬ የሚባል ቀን የለውም። ስካውቱ ግን አፉን ይዞ ዝም አለ፤ እውነተኛው አዋቂ እሱ መሆኑን ያወቅሁት ባለመናገሩ ነው።

ምሳ ላይ የጾሙና የፍስኩ ወገን ተለያይቶ ተሰለፈ። አዋሽ ወንዝ ፏፏቴው አጠገብ ዝንጀሮዎች ይጠብቁን ነበር። አዋሽ ላይ ሁለት ዓይነት ዝንጀሮ አለ። አንዱ የደጋውና የወንዝ ዳሩ ነው፤ ሌላው ወንዱ ነጣ ያለ ጎፈር ያለው የበረሃው ነው። ሁለቱ እዚህ ድንበር ላይ ተጋብተው ይዋለዳሉ፤ የውጭ ተመራማሪዎች ይህን ጋብቻ ለማጥናት ለበርካታ አሥርት ዓመታት ተመላልሰዋል። የሰው ልጅ የዘር ነገር ሲያጨቃጭቀው ዝንጀሮዎቹ ያለ ሽማግሌ ጨርሰውታል። ለእኛ ግን የመጣው ዝንጀሮ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማጣራት ጊዜ አልሰጠንም፤ አንድ ሙሉ የሙዝ ፌስታል ይዞ ዛፍ ላይ ወጣ። ከቡድኑ አንድም ሰው አልተከተለውም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው ለካ ድሩ ሙዝ ሳይዝ ነው።

ማታ አክስቴ ከአርብ ገበያ ደወለች።

«የት ውለህ ነው ስልኩ እንቢ ያለኝ?»

«አዋሽ ነበርኩ። በረሃ።»

«በሞትኩት! ማን ልኮህ?»

«ማንም አልላከኝም። አውሬ ለማየት ነው፤ ከፍዬ።»

ስልኩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ዝም አለች። ከዚያ «አየህ ልጄ» አለች፣ «እኛ ጅብ እንዳይገባብን በር በአጣና እንወረውራለን። ቀን ወጥቶለት ከተማ የገባው ልጃችን ከፍሎ ሊፈልገው ይሄዳል። ካማረህ እኔ ቤት ናልኛ፤ ከጓሮ ሆነህ ታየዋለህ፣ ምሳም አበላሃለሁ።»

እንዲህ ማለቷ አይፈረድባትም። በጋይንት ሰው ዘንድ ቆላ የሚኬድበት እንጂ የሚታደርበት አገር አልነበረም። አርብ ገበያ ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ከታች የበሽሎ ወንዝ ገደሉን ይዞ ይወርዳል፤ ከላይ የጉና ተራራ ብርዱን ይልካል። የድሮ ሰው ወደ ቆላ ወርዶ ማሽላውን አርሶ፣ አርሞ፣ ከመምሸቱ በፊት ሽቅብ ይወጣ ነበር። የወባ ትንኝ የምትነክሰው ሌሊት መሆኑን ማንም አላስተማረውም፤ ግን ቆላ ያደረ ሰው ንዳድ ይዞት እንደሚመለስ በልጆቹ ቀብር ተምሯል። የግድ ማደር ካለበትም ብቻውን አያድርም።

በቡድን መጓዝማ ለጋይንት አዲስ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን መድፍ፣ ሴባስቶፖልን፣ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በጋይንት በኩል ነው። 7 ቶን ገደማ የሚመዝን ብረት፣ መንገድ በሌለበት አገር፣ በ1860 ዓ.ም. መንፈቅ ገደማ የፈጀ ጉዞ። ጎታቹ በመቶዎች የሚቆጠር ነው። አስተባባሪው ንጉሡ ራሳቸው ናቸው፤ በእጃቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ጠርገዋል። ቁርስና ምሳ ያካትት ነበር ወይ የሚለው አልተጻፈም፤ «ስንት ሰው ተመዘገበ?» ብሎ የጠየቀ እንዳልነበር ግን መገመት ይቻላል።

ከዚያ ደግሞ የእኔ ዘመን ጉዞ አለ። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ጎልማሳ መሬቱ ሲጠበውና ዝናቡ ሲያጥረው በየዓመቱ ወደ መተማና ሑመራ ይወርዳል፤ በክረምት ለአረም፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ለሰሊጥ አጨዳ። ሰሊጥ ሲደርስ ፍሬ ያዘለው ቋቱ ይከፈታል፤ በሰዓቱ ካልታጨደ ፍሬው መሬት ላይ ይፈሳል። ስለዚህ ባለሀብቱ በአንድ ጊዜ ብዙ እጅ ይፈልጋል፤ እጁም በአይሱዙ ተጭኖ ይሄዳል። ፊት ፊት የሚሄድ ካቦ አለ፤ ስም ይቆጥራል፣ ዋጋ ይነጋገራል፣ የታመመውን ጤና ጣቢያ ያደርሳል፣ ከደመወዙም ላይ የራሱን ይቆርጣል።

እንግዲህ አስቡት። መሪ አለው። ቡድን አለው። ተሽከርካሪ አለው። ሞቃት አገር ነው። አውሬ አለ። ከቴሌግራሙ ጉዞ የጎደለው ፎቶ አንሺው ብቻ ነው። አንዱ ከፍሎ ይሄዳል፣ ሌላው ሊከፈለው ይሄዳል። አንዱ በቆዳ ቅባት ፀሐይን ይከላከላል፣ ሌላው በኩታ። አንዱ የሚመለሰው ቆዳው ጠቁሮ ነው፤ ሌላው አንዳንዴ ካላዛር ይዞት ነው፤ ሜዳ ላይ ሌሊት ሲተኛ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ክፉ በሽታ ነው፤ ካልታከመ ይገድላል።

ከእነዚያ ሰዎች አንዱ፣ አያ የምለው የሰፈራችን ሰው፣ ከዓመታት በፊት ቋራ በረሃ ሰሊጥ አጭዶ ተመልሷል። «አያ፣ እዚያ አንበሳ አላችሁ?» አልኩት። «ድምፁን እንሰማለን» አለኝ። «ወጥታችሁ አላያችሁትም?» አልኩ። በጣም አዘነልኝ። «ሊያየው የሚወጣ ሰው ማን አለ? እኛ እኮ እንዳያየን ነበር የምንጸልየው።»

እዚህ ላይ የእኔን ሐሳብ ልናገር። በረሃ በቡድን የሚሄድ ሰው የሚገዛው ሳላውን አይደለም። ሳላው ሳይከፈልም ሜዳው ላይ ነው። የሚገዛው ሁለት ነገር ነው፤ አብሮት የሚፈራ ሰውና የሚወቅሰው ሰው። ብቻህን ሄደህ መኪናህ ቢሰበር ሞኙ አንተ ነህ፤ በቡድን ሄደህ ቢሰበር ሞኙ አዘጋጁ ነው። ብቻህን ሄደህ አንበሳ ብታጣ ዕድለ ቢስ ነህ፤ በቡድን ስትሄድ ግን «እነዚህ ሰዎች አጭበረበሩን» ብለህ እየተዝናናህ ትመለሳለህ። ከአዋሽ ስንመለስ እንደዚያ ቀን አንድ ልብ የሆነ ሕዝብ አላየሁም፤ ሁላችንም አስተባባሪውን አምተናል። ብቻዋን የመጣችው ልጅና ቀኑን ሙሉ «ፎቶ ላንሣሽ» ሲላት የዋለ አንድ ሰውዬ ስልክ የተለዋወጡት በዚሁ ሐሜት መሀል ነው።

ፈረንጁም ቢሆን ከዚህ የተለየ አይደለም፤ የሚሄደው ሩቅ መሆኑ ነው እንጂ። የዛሬው የበረሃ ጎብኚ ምኞት ናሚቢያ ናት። 824 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆን መሬት ላይ 3 ሚሊዮን ገደማ ሰው ይኖርባታል፤ ከአዲስ አበባ ያነሰ ሕዝብ። አርማዋን ደግፈው ከግራና ከቀኝ የቆሙት ሁለት እንስሳት የእኛ ሳላ የቅርብ ዘመዶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 ነፃ ስትወጣ የተፈጥሮ ጥበቃን ሕገ መንግሥቷ ውስጥ ጽፋ ተነሣች። ኤቶሻ የሚባለው ፓርኳ ብቻ ከ22 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ መሀሉ ላይ በአብዛኛው የደረቀ፣ በጨው የነጣ ሰፊ የሐይቅ ወለል ተዘርግቷል።

የበረሃ ምሥጢሩ እዚያ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ደን ውስጥ አውሬ ይሰወራል፤ በረሃ ውስጥ መሰወሪያ የለውም። በበጋ ውኃ ያለው ጥቂት ቦታ ላይ ስለሆነ ዝሆኑም፣ አንበሳውም፣ ቀጭኔውም እዚያው መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ጎብኚው አይሮጥም፤ ማታ መብራት በተተከለበት ኩሬ ዳር ወንበር ይዞ ድምፁን አጥፍቶ ይጠብቃል። እንግዲህ አንድ ቡድን ሙሉ ሰው፣ ማንም ሳይናገር፣ ውኃ የሚጠጣ አውራሪስ ሲያይ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። የእኛ አስተባባሪ እዚያ ቢሄድ «እንደምን አመሻችሁ! አልሰማሁም!» ብሎ ከአገር ያስወጣናል።

አገራችንም ውስጥ ቢሆን ወደ ዳናክል የሚወርድ ጎብኚ በመኪና ሰልፍ፣ ከነአፋር መሪውና ከነታጣቂው ነው የሚሄደው። ከዚያ በፊትም እንዲሁ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1910 የተወለደው እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር እ.ኤ.አ. በ1933 መጨረሻ የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ መድረሻውን ሊፈልግ ሲነሣ መንግሥት ያለ ወታደር አጃቢ አልለቀቀውም። ወንዙ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ እንደሚያልቅ ያረጋገጠው በዚያ ጉዞ ነው። ከእሱ በፊት ስንት ዘመን ጨው ነጋዴው በግመልና በበቅሎ ተሰልፎ ወደ ዳናክል ወርዶ አሞሌውን ጭኖ ደጋ ወጥቷል፤ ያ አሞሌ እኮ በአገራችን ገንዘብ ሆኖ ዕቃ ሲገዛ የኖረ ነው። አንድም ሰው ግን ብቻውን አልወረደም።

የእነዚያ ሁሉ ጉዞዎች እውነተኛ መሪ አፋሩ ነበር። ይህን የተረዳሁት በአፋሩ ስካውታችን ነው። ወደ ፓርኩ በር ስንመለስ መንገድ ዳር ግመል የሚነዳ አንድ አፋር አገኘን። ስካውቱ አውቶቡሱን አስቁሞ ወረደ። ሁለቱ ተጨባብጠው ጥላ ሥር ተቀመጡና ዳጉ ያዙ። ዳጉ የአፋር የወሬ ልውውጥ ነው፤ ሁለት ሰው ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳያስቀር ይነጋገራል፤ ዝናብ የት ዘነበ፣ ማን ታመመ፣ የማን ግመል ጠፋ፣ መንገዱ ላይ ማን አለፈ። ውሸት መጨመር ነውር ነው። ሾፌራችን ክላክስ ነፋ። እነሱ ቀና ብለው አላዩንም። ስካውቱ ተመልሶ ሲገባ ለአስተባባሪው አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ በታችኛው መንገድ አንሂድ፣ ትናንት የጫነ መኪና ተቀርቅሮ እስካሁን አልወጣም። እኛ ግን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስልክ ስንነካካ ስለዚያ መንገድ የሰማ አንድ ሰው አልነበረንም።

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሰው አይሠራም፤ የእሱ ጣዕም ለሌላው ነው። ይሁን እንጂ ስንሰነባበት ማይክራፎን ይዞ የተጨበጨበለት አስተባባሪው ነው። ስካውቱ ጠመንጃውን አንግቶ በሩ ላይ ወረደ።

ስለ ከረዩና ስለ አፋር ከብት አርቢዎችም አንድ ነገር ልጨምር። ፓርኩ ሲከለል ለሳላው የተሰጠው ሣር ቀድሞ የእነሱ ላምና ግመል የሚግጠው ነበር። ሳላውን ዓይተን እያደነቅን ስንመለስ፣ ከፓርኩ ወሰን ወዲህ ያለው ልጅ የእኛ አውቶቡስ የት እንደገባ እያየ፣ እሱ ግን ፍየሎቹን ይዞ እንዳይገባ ይከለከላል። የመግቢያ ገንዘቡ ከፊሉ ወደ እነሱ መንደር ቢዞር ሳላውን ከማንም በላይ የሚጠብቁት እነሱ ይሆናሉ ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ አህያ ልምጣ፤ ለአርብ ገበያ ሰው ያለ አህያ ወግ አይደምቅም። አርብ ቀን ገበያችን ላይ አህያ ለመቁጠር የሚሞክር ሰው አይገኝም። ተጭና የምትገባው፣ ተፈታ የምትንከባለለው፣ ገመድ በጥሳ የሰው ገብስ የምትበላው። አፋር ውስጥ ግን የዱር አህያ አለ። የቤት አህያ ሁሉ ዘሩ የሚሳበው ከአፍሪካ የዱር አህያ ወገን ነው። የአፋሩ እግሩ ላይ እንደ ሜዳ አህያ ቀጫጭን መስመር አለው። ዛሬ በኢትዮጵያና በኤርትራ በረሃ በጥቂት መቶዎች የሚቆጠር ብቻ ቀርቶ ከምድር ሊጠፋ ጫፍ ላይ ነው። ያንጉዲ ራሳ ፓርክ የታሰበውም በዋናነት ለእሱ ነው። ፈረንጅ ባሕር አቋርጦ መጥቶ፣ መነጽር ደቅኖ፣ አህያ ፍለጋ ቀኑን ይውላል። ይህን ለአክስቴ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። ኋላ ግን «እሱስ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ እዚያስ የሚያስጥል አገኘች ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው ቁም ነገር ነበረው፤ እዚያ የሚያስፈሩት ጅቦች ድርቅ፣ የቤት ከብት ግጦሽና ጠመንጃ ናቸው።

የሜዳ አህያም ቢሆን የራሷ የጉዞ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ከአገራችን ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ በስጦታ ተላከችና ዝርያዋ በስማቸው ተጠራ። ዛሬ እነዚያ ቀጫጭን መስመር ያላቸው የግሬቪ የሜዳ አህዮች አላይደጌ ሜዳ ላይ ጥቂት ቀርተዋል። እሷ ግን ሳትመዘገብ፣ ስንት ሰው አለ ሳትል ነው ፓሪስ የወረደችው።

እኔን የሚቆጨኝ የቅርቡን መርሳታችን ነው። ጎንደር ውስጥ፣ ቋራ ላይ፣ የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር የተያያዘ ደረቅ ቆላ። በ2008 ዓ.ም. ተመራማሪዎች ካሜራ ተክለው አንበሶች ፎቶ አነሡና ዓለም «አዲስ አንበሶች ተገኙ» ብሎ አወራ። አያን ጠርታችሁ ብትጠይቁት ኖሮ፣ ከነድምፁ፣ ከነሰዓቱ፣ ሊነጋጋ ሲል ከየትኛው ወገን እንደሚያገሳ ይነግራችሁ ነበር። የእሱ ግን ዜና አልሆነም፤ የሰማው ሰሊጥ ሊያጭድ ሄዶ ነዋ።

መንገዱ ሰላም ሲሆን (ዛሬ ከአርብ ገበያ ባሕር ዳር ለመሄድ እንኳ «ስንት ሰው ተመዘገበ?» ከሚለው በፊት «መንገዱ እንዴት ነው?» ነው የሚባለው) የቡድን ጉዞ ወደ አላጥሽ የሚያዘጋጅ ድርጅት ከተነሣ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። አስተባባሪ ከአዲስ አበባ አታምጡ። አርብ ቀን አርብ ገበያ ኑና ቆላውን በእግሩ የሚያውቀውን፣ የት ውኃ እንዳለና የት መተኛት እንደማይገባ የሚያውቀውን ሰው ጠይቁ፤ ከእህል ተራው እስከ ከብት ተራው ሞልቷል። አጎበሩ ይታደል፤ የመሪው አበልም ሰው ከመሳፈሩ በፊት ይነገረው፤ ካቦ እንዳይቆርጥበትም እጁ ላይ ይሰጠው።